የሎሚና የብርቱካን ዱቄት በቤት ውስጥ፦ ከልጣጭ፣ ከሙሉ ፍሬ ወይስ ከጥቁር ሎሚ?

የሎሚ ልጣጭ አድርቆ የፈጨ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ይሸታል እንጂ አይኮመጥጥም»። ዱቄቱ ግን አልተበላሸም። የሎሚ መዓዛና የሎሚ ኮምጣጣነት የሚገኙት በተለያየ የፍሬው ክፍል ነው። መዓዛው ያለው በውጭኛው ባለቀለም ቆዳ፣ በዓይን በሚታዩት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። የሚኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ ያለው ደግሞ ጭማቂው ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ነጭ ሽፋን ከሁለቱም የለውም፤ የሚጨምረው ምሬት ነው። ስለዚህ «በምን ላድርቀው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ከዱቄቱ የምፈልገው ምንድን ነው?» የሚለው ይቀድማል። ሙቀቱም፣ ጊዜውም፣ የፍሬው ዓይነትም በዚያ መልስ ይወሰናል።

መዓዛ ብቻ ከፈለጉ የልጣጭ ዱቄት ይሥሩ። መዓዛም ኮምጣጣነትም፣ ትንሽ ምሬትም ቢጨመር ግድ ከሌለዎት ሙሉውን ፍሬ ቆርጠው ያድርቁ። ለሩዝ፣ ለሥጋና ለሾርባ የሚሆን ጠለቅ ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል ኮምጣጣ ጣዕም ከሆነ ፍላጎትዎ፣ የሚሠሩት ጥቁር ሎሚ ነው፤ ሙሉው ተቀቅሎ የሚደርቅ ትንሽ ሎሚ ማለት ነው። ንጹሕ ጭማቂን ግን በቤት አድርቆ ዱቄት ማድረግ አይሞከር። ውሃው ሲተን የሚቀረው ስኳርና አሲድ እንደ ማር የሚጣበቅ ነገር ይሆናል፤ ቢደርቅም ከአየር እርጥበት ስቦ መልሶ ይሟሟል። ፋብሪካዎች የሚያደርቁት ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ዱቄት) የመሰለ ተሸካሚ ቀላቅለው፣ በልዩ ማሽን ነው።

የልጣጭ ዱቄት

ለአብዛኛው ቤት መጀመሪያ የሚመከረው ይህ ነው፤ የሚሠራው ከሚጣል ነገር ነውና። ጭማቂው ተጠጥቶ፣ ሎሚው ለሰላጣ ተጨምቆ ልጣጩ ይቀራል። ታዲያ መላጥ ያለበት ከመጨመቁ በፊት ነው። የተጨመቀ ሎሚ ስለሚልፈሰፈስ መላጫው ይንሸራተታል፤ ነጩም አብሮ ይመጣል።

ፍሬው ጠንካራ፣ በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚልና ቆዳው የሚያብረቀርቅ ይሁን። ከውጭ አገር የሚመጣ ብርቱካንና ሎሚ ብዙ ጊዜ ሰም ይቀባል፤ እንዳይሻግት ኢማዛሊልና ቲያቤንዳዞል የመሳሰሉ ኬሚካሎችም ይደረጉበታል። ሰሙን ለማስለቀቅ ፍሬውን 10 ሰከንድ ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በብሩሽ ማሸት ይረዳል። ኬሚካሉ ግን በመታጠብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በአረብ አገር ያላችሁ ለዚህ ሥራ ያልተቀባውን ፈልጋችሁ ግዙ። ለጭማቂ ሲሆን ልዩነቱ ብዙም አያሳስብም፤ ልጣጩ ራሱ ሲበላ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሚላጠው በካሮት መላጫ፣ እጅን ሳይጫኑ ነው። የተላጠውን ቁራጭ ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። የዘይት ነጠብጣቦቹ ከጀርባም የሚታዩ ከሆነ ልክ ነው። ጀርባው ጥጥ የመሰለ ነጭ ከሆነ ግን ሰሌዳ ላይ ዘርግተው፣ ቢላዋውን አጋድመው ነጩን ፍቀው ያንሱት። ይህ ትንሽ አድካሚ ነው፤ ግን በሚጣፍጥና በሚመር ዱቄት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

መጠኑን ቀድሞ ማወቅ ከብስጭት ያድናል። 200 ግራም የሚመዝን ብርቱካን ስስ ተደርጎ ሲላጥ ከ15 እስከ 20 ግራም ልጣጭ ይሰጣል። ልጣጩ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ከ4 እስከ 5 ግራም ይቀራል፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዱቄት ማለት ነው። ሎሚ የዚህን ግማሽም ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ የተላጠውን በላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ እያጠራቀሙ የስምንት ወይም የአሥር ፍሬ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ማድረቁ ያዋጣል።

አንድ የሻይ ማንኪያ የልጣጭ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ ትኩስ የተፈቀፈቀ ልጣጭን ይተካል። ለ500 ግራም ዱቄት ኬክ ወይም የጾም ብስኩት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ለ1 ኪሎ ዓሣ ከጨው ጋር ተደርጎ አንድ። ወጥ ወይም ሾርባ ላይ ከሆነ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይጨመር። ገና ከሽንኩርቱ ጋር ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ለሻይ ግን ሳይፈጩ፣ ደረቁን ቁራጭ ጣል ማድረግ ይሻላል፤ ዱቄቱ ሻዩን ያደፈርሰዋል፣ ከታችም ይዘቅጣል።

የሙሉ ፍሬ ዱቄት

እዚህ ላይ ሥራው ይቀላል፣ ውጤቱ ግን ከፍሬ ፍሬ በጣም ይለያያል። ፍሬው ታጥቦ፣ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ ይነሳና በ3 ሚሊሜትር ውፍረት ክብ ክብ ተደርጎ ይከተፋል። ዘሩ አንድም ሳይቀር ይለቀም። ሊሞኒን የተባለው አምራሪ ነገር ከሁሉም በላይ በዘሩ ውስጥ ስለሚከማች፣ በአንድ ትሪ ላይ የተረሱ አምስት ስድስት ዘሮች የዱቄቱን ጣዕም ይለውጣሉ።

ምሬቱ ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑ ብዙ ሰው ያደናግራል። ብርቱካኑ ሲቆረጥ ጣፋጭ ነበር፤ ዱቄቱ ግን መረረ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በነጩ ሽፋንና በገለፈቶቹ ውስጥ ያለው ነገር መጀመሪያ አይመርም። ፍሬው ተቆርጦ ከኮምጣጣው ጭማቂ ጋር ሲገናኝ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሊሞኒን ይለወጣል። ስለዚህ ክትፉን ጠረጴዛ ላይ አሳድሮ በነጋታው ማድረቅ ምሬቱን ያባብሰዋል። ከቆረጡ ወዲያውኑ ማድረቂያ ላይ ያድርጉት።

ለዚህ ዓይነት ዱቄት መንደሪን ይቀድማል፤ ነጩ ሽፋኑ ስስ ነው፣ ልጣጩም ቶሎ ይደርቃል። ቀጥሎ ሎሚ ነው፤ ምሬቱን ኮምጣጣነቱ ይሸፍነዋል። ብርቱካን ስኳሩ ስለሚበዛ ደርቆም ይጣበቃል፣ ሲፈጭም ጓል ይሠራል። ግሬፕፍሩትን አንመክርም። ናሪንጂን በተባለው ንጥረ ነገር ምክንያት በጣም ይመራል፤ ከዚያም በላይ ግሬፕፍሩት ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል። ማድረቅ ይህን ችግር ያስወግዳል ብሎ ማሰብ አይገባም፤ ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ይቅር። ትርንጎ ደግሞ አብዛኛው አካሉ ነጭ ሽፋን ነው። መዓዛው ግሩም ስለሆነ ላዩን ብቻ ልጠው ከልጣጭ ዱቄት ጋር ይቀላቅሉት።

ከ1 ኪሎ ሎሚ 120 ግራም ያህል ደረቅ ክትፍ ይገኛል። በማድረቂያ ማሽን ከ57 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ይወስዳል። ደረሰ የሚባለው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። እንደ ቆዳ የሚታጠፍ ከሆነ መሐሉ ገና ነው፤ ጠርዙ መድረቁ አያታልልዎት።

ጥቁር ሎሚ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሠራች ኢትዮጵያዊት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፦ ማችቡስ በሚባለው የሩዝና የሥጋ ምግብ ውስጥ ሙሉውን ተወግቶ የሚጣለው፣ ከውጭ ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ሲነኩት እንደ ባዶ እንቁላል ቅል የሚቀልለው ሎሚ። እዚያ «ሉሚ» ይሉታል። ኢራቆች «ኑሚ ባስራ»፣ ኢራኖች ደግሞ «ሊሙ አማኒ»፣ የኦማን ሎሚ፣ ይሉታል። ኢየሩሳሌም በማሐኔ ይሁዳ ገበያ የቅመም መደብሮችም ይሸጣል። ለዚህ የሚሆነው ትልቁ ባለወፍራም ቆዳ ሎሚ ሳይሆን ትንሿ፣ ክቧ፣ ስስ ቆዳ ያላት ሎሚ ናት፤ አገር ቤት ገበያ የሚቆለለው ዓይነት። ሥራው ትዕግሥት እንጂ የተለየ ዕቃ አይጠይቅም።

ዲያሜትራቸው ከ4 ሴንቲሜትር የማይበልጥ፣ ጭረትና ለስላሳ ቦታ የሌለባቸው ሎሚዎች ይመረጡ። ትልቁ ሎሚ መሐሉ ሳይደርቅ ይበሰብሳል። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አፍልተው ሎሚዎቹን ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይቀቅሉ፤ ያ አረንጓዴ ብሩህነታቸው ሲደበዝዝ ያውጡ። መቀቀሉ ቆዳውን አላልቶ ውሃው እንዲወጣ ያግዛል፤ የላዩን ሻጋታም ይገድላል። ቆዳው ከተሰነጠቀ በዝቷል፤ የተሰነጠቁትን ለዕለቱ ወጥ ይጠቀሙባቸው እንጂ አያድርቋቸው።

በማሽን ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በጠራ ፀሐይ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። በፀሐይ ከሆነ በየቀኑ ይገላበጥ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ። የሌሊት ጤዛ አንድ ቀን ሙሉ የደረቀውን ይመልሰዋል። ከጠረጴዛ ላይ ትንሽ ከፍ አድርገው ሲጥሉት ቀጭ ካለ፣ ሲነቀንቁትም ውስጡ ዘሩ ከተንኳኳ ደርሷል። ከእያንዳንዱ ዙር አንዱን ሰብሮ ማየት ደንብ ይሁን፦ ውስጡ ከቡናማ እስከ ጥቁር፣ ደረቅና ጠረኑ እንደ ደረቀ ፍራፍሬ መሆን አለበት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ከታየ ሻጋታ ነውና ያ ይጣል፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ይሰበሩ።

ሲፈጭ መጀመሪያ በሙቀጫ ይሸከሸካል፣ ዘሩ ይለቀማል፣ ከዚያ መፍጫ ይገባል። ከአንዷ ሎሚ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ይወጣል። ከልጣጭ ዱቄት በተቃራኒ ይህ መግባት ያለበት ከመጀመሪያው ነው፤ ጣዕሙ የሚወጣው ሲበስል ነው። ለአራት ሰው የሚሆን የምስር ሾርባ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ከቀይ ሽንኩርቱ ጋር ቢገባ ሎሚ መጭመቅ አያስፈልግም።

በምን ይደርቅ?

ለልጣጭ ከሁሉ የሚሻለው ጥላና ነፋስ ነው። የአዲስ አበባ የበጋ አየር፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው፣ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ልጣጩ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ተበትኖ፣ ስስ ሻሽ ተሸፍኖ በመስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ከ2 እስከ 4 ቀን ይበቃዋል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ማስጣት ፈጣን ቢመስልም ይጎዳዋል። ብርሃኑ ቀለሙን ያነጣዋል፤ ሊሞኔን የተባለው የመዓዛ ዘይትም (ከአምራሪው ሊሞኒን የተለየ ነው) ከአየር ጋር ተዋህዶ ቀለም ማቅጠኛ ቀለም ማቅጠኛ መሽተት ይጀምራል። ክረምት ላይ ይህ መንገድ አይሠራም። ከሐምሌ ጀምሮ የተሰጣ ልጣጭ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። በዱባይና በጅዳም እንዲሁ፤ የባሕሩ ዳር አየር ሙቅ ቢሆንም እርጥበቱ ከፍተኛ ስለሆነ በረንዳ ላይ ከማስጣት ኤሲ ባለበት ክፍል ውስጥ ማድረቁ ይሻላል። በአውሮፓ ክረምት የቤት ማሞቂያ ያለበት ክፍል አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ልጣጭ በሁለት ቀን ይሰባበራል።

ለሙሉ ፍሬ ግን ጥላ አይበቃም። ጭማቂው ብዙ ስለሆነ ሙቀት ይፈልጋል፤ ማሽን ወይም ኦቭን።

ማሽኑ ዋጋ ያስወጣል፣ ግን በዲግሪ የሚታዘዝልዎ እሱ ብቻ ነው። ለልጣጭ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ላይ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያድርጉት። መብራት ቢጠፋ ልጣጭ ምንም አይሆንም፤ መስኮቱን ከፍቶ መተው ነው። በግማሽ የደረቀ ክትፍ ሎሚ ግን በተዘጋ ማሽን ውስጥ አያድር፤ ትሪዎቹን አውጥተው አየር ላይ ይዘርጓቸው።

ኦቭን ብዙ ቤት አለ፤ ብዙ ዱቄትም የሚበላሸው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ኦቭኖች ዝቅተኛ የሚባለው ሙቀታቸው ለልጣጭ ከፍተኛ ነው። ቤቱ በሙሉ ብርቱካን ብርቱካን ሲሸት ሰው ይደሰታል፤ ያ ሽታ ግን ከልጣጩ እየወጣ የሚያልቀው መዓዛ ነው። ከ75 እስከ 80 ዲግሪ የሚወርድ ኦቭን ካለዎት በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርገው ልጣጩን ከ45 እስከ 90 ደቂቃ ያቆዩት፤ በየ15 ደቂቃው ያገላብጡ። በሩ ካልተከፈተ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ልጣጩ ከመድረቅ ይልቅ ይቀቀላል። ክትፍ ሎሚ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይችላል። ጠርዙ ቡናማ መሆን ከጀመረና ሽታው ወደ ተቃጠለ ስኳር ካደላ ያውጡት፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ካልተጣለ ሙሉውን ዱቄት መራራ ያደርገዋል። የጋዝ ኦቭን ብዙ ጊዜ ከ120 ዲግሪ በታች አይወርድም። እሱን 10 ደቂቃ አሙቀው ያጥፉ፣ ትሪውን ያስገቡ፣ ሲቀዘቅዝ ትሪውን አውጥተው ይድገሙ። ሦስት አራት ዙር ይጠይቃል።

እንጀራ የተጋገረበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ትርፍ ሙቀትም ለማጠናቀቂያ ይጠቅማል። ሁለት ቀን በጥላ የጠወለገ ልጣጭ፣ ምጣዱ ከጠፋና እጅ የሚያስቀምጥ ለብታ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘርጋበት። አክምባሎው አይከደን፤ እንፋሎት ያፍናል።

ኤየር ፍራየር ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ የቀለለውን ልጣጭ እያነሳ ማሞቂያው ላይ ይለጥፈዋል፤ ከላይ የብረት መረብ ካልተጫነበት አይመከርም። ማይክሮዌቭ ደግሞ በደቂቃዎች ያደርቃል፣ በሰከንዶችም ያቃጥላል።

መፍጨትና ማስቀመጥ

ከመፍጨት በፊት ልጣጩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ 15 ደቂቃ ፍሪዘር ቢቆይ ደግሞ የተሻለ ይሰባበራል፣ ዘይቱም በመፍጫው ሙቀት አይተንም። የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ እየተጫኑ፣ እያረፉ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ከዞረ ዱቄቱ ይሞቃል፣ ግድግዳው ላይም ይለጠፋል። ቡና የተፈጨበት ከሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ሩዝ ፈጭተው ይድፉና ከዚያ ይጀምሩ። ሙቀጫና ዘነዘና ሸካራ ዱቄት ቢሰጥም መዓዛው ሳይሞቅ ይወጣል፤ ለዓሣና ለተጠበሰ ሥጋ መቀቢያ እንዲያውም ሸካራው ይመረጣል። ለኬክ ግን በሻይ ወንፊት ይነፋ፤ ያልተፈጨው ተመልሶ ይፈጭ።

ዱቄት ከመሆኑ በፊት አንድ ፈተና ይቀራል። የደረቀውን በጠርሙስ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ሞልተው ይክደኑት፣ ከ5 እስከ 7 ቀን በየቀኑ ይነቅንቁት። ክዳኑ ላይ ላብ ከታየ ወይም ቁራጮቹ ከተጣበቁ እርጥበት አለውና ወደ ማድረቂያው ይመለስ። ይህን የዘለለ ሰው ነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ዱቄቱን እንደ ድንጋይ ጓል ሆኖ የሚያገኘው። በደንብ ደርቆም ጓል የሚሠራ የሙሉ ፍሬ ዱቄት ከሆነ በ50 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይቀላቀል።

ልጣጩ ሳይፈጭ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ በጥብቅ ተከድኖ ዓመት ይቆያል። ከተፈጨ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ መዓዛው ይደክማል። ስለዚህ የወሩን ብቻ መፍጨት ነው። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ለእጅ ይመቻል እንጂ ሙቀቱና የድስቱ እንፋሎት ዱቄቱን ይጎዱታል።

የልጣጭ ዱቄት ሠርተው ኮምጣጣነትም ካማረዎት ፍሬውን በሙሉ ለማድረቅ መገደድ የለብዎትም። ሲትሪክ አሲድ በዓረብ አገርም በእስራኤልም «የሎሚ ጨው» እየተባለ በየሱቁ ይሸጣል። 10 ግራም የልጣጭ ዱቄት፣ 3 ግራም የሎሚ ጨውና 5 ግራም ደቃቅ ጨው ሲቀላቀል ለሰላጣ፣ ለተጠበሰ ዓሣና ለድንች ጥብስ የሚሆን ይወጣል። ከሚጥሚጣ ጋር እኩል በእኩል ቢደባለቅ ደግሞ ለጥሬ ማንጎ ይስማማል። የሎሚ ጨው ብርቱ ነው፤ 1 ግራሙ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ የሎሚ ጭማቂ ያህል ይኮመጥጣል። በጣት ቆንጥሮ ከመገመት በትንሽ ሚዛን መለካት ይሻላል። ድብልቁ እርጥበት ስለሚስብ ከሁለት ሳምንት የሚያልፍ አይዘጋጅ፤ በደረቅ ማንኪያ ብቻ ይጨለፍ።